ሰማንያ ሜትር

አልማቲ፣ በጥር ወር፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
ሳተላይት ያነሣው ከሩቁ ሰማይ፣
አንድ ያረጀ ምስል ከፊቷ ዘርግታ
ዛውሬ ተቀምጣለች፣ እራቷን ረስታ።
አባቷ ጎረምሳ በነበረ ጊዜ
የተነሣ ምስል፦ ግራጫና ትካዜ።
አንዲቱ ነጥብ ብቻ ሰማንያ ሜትር፤
ጎዳና ብትፈልግ፣ ጓሮ ብትቆጥር፣
ትምህርት ቤት፣ መጋዘን፣ የግመል ጥላ
ባንዷ ውስጥ ታጭቋል፤
ያባቷ ቤት ግን ነጥብ እንኳ አትሞላ።

አራት ዓመት ሆነው የዶክትሬት ዕዳ፦
ነጥቧን ሰባብሮ፣ ከሆዷ ውስጥ ሜዳ፣
ከሆዷ ውስጥ ጣሪያ፣ ከሆዷ ውስጥ ባሕር
ፈልቅቆ ለማውጣት።
ዘዴውም ሲነገር፦
የጠራውን ምስል ወስዶ ማደብዘዝ ነው፣
ሁለቱን አቅርቦ ማሽኑን ማዘዝ ነው፦
«ከዚህ ወደዚያ ሂድ።» ስሕተቱ ይለካል፣
ቁጥሩ ጥቂት ወርዶ ደግሞ ያንገራግራል፣
ሌሊቱ እስኪነጋ ማሽኑ ያቃስታል።

መረብ ነው የሚሉት፣ የነርቭ መረብ።
ሰይትቃሊ አባቷ በስልክ ሲሰማ
ሳቀ ከት ብሎ፦ «መረብማ፣ መረብማ
እኔም አለኝ፣ ልጄ፣ ከጋጣ ተሰቅሎ፣
አርባ ክረምት ሆነው ውሃ ካየ፣ ደርቆ፣ እንደ ቋንጣ ከስሎ።
ያንቺው ምን ያጠምዳል?»
«የጠፋውን ነገር።»
«እንግዲያ የኔንም ዓሣ ፈልጊልኝ» አለና ሳል ጀመር።

ችግሩ ይህ ነበር፦ መረቡ ሲማር
ያየው ወደብ ሁሉ የሆላንድ፣ የጃፓን ባሕር፣
ውሃ ያልሸሸበት፣
ድንጋይ የተነጠፈበት፣ ጀልባ የታሰረበት።
የአራልን ዳርቻ ስትሰጠው ባንድ ሌሊት
አስራ አንድ ጀልባ አውጥቶ ጣለላት።
በጨው ላይ ሞገድ ሳለ፣ ባሸዋ ላይ ድልድይ፤
እንዴት እንደሚያምር! የውሃው ጠርዝ እንኳ
ፀጉር በፀጉር ሲለይ።
ፕሮፌሰር ሊሊያ ኖጋይ መነጽሯን ገፍታ
«ሠላሳ አንድ ዴሲቤል!» አለች ተደስታ፣
(ቁጥሩ የተለካው በሆላንድ ወደብ ነው)
«ጻፊና አስረክቢ፣ ከዚያ ተኚ በቃ፣ እንቅልፍም ሰው ነው።»

አልተኛችም ዛውሬ። ወረቀት ላይ አትማ
ባቡር ተሳፈረች፤ አንድ ቀን ተኩል ሙሉ
መስኮቱ አንድ ዓይነት ነው፣ የሚታይም የለው።

ሽማግሌው ምስሉን ከብርሃን አስጠጋ፣
አጉሊ መነጽሩን ካይኑ ሥር ዘረጋ።
ጣቱ፣ የመረብ መርፌ ያጠቆረው፣ በወደቡ ሄደ፤
ቆጠረ። ዝም አለ። ከላይ እንደገና ቆጥሮ ወረደ።
«አስራ አንድ» አላት። «እጅሽ ለጋስ ነው፤
እኛ የነበረን አራት ብቻ ነው።
ይህ ድልድይም የለም። በዚያ ዓመት ውሃው
ጥሎን ሄዶ ነበር፣
በእግሬ ተከትዬው ሦስት ሰዓት ስዞር
ጫማዬ ነው የረጠበ፣ እሱም በላቤ።
ዓይኑ የሰፋ መረብ ትንሿን ዓሣ ያስመልጣል፣ ይህን አውቃለሁ፤
ያልነበረች ዓሣ ሲያመጣ ግን ገና ዛሬ አየሁ።»
አልተቆጣም። ሳቀ። «ይሁን፣ እዚሁ ተዪው፣
ግድግዳዬም ይየው፣ ምን እንደሚመስል ውሃው።»

ተመልሳ ሥራዋን ከግማሹ አፈረሰች።
መረቡን «አላውቅም» ማለት አስተማረች፣
ባላወቀው ስፍራ ግራጫ እንዲጥል፣
ጀልባ ከመፈልሰፍ ጭጋግ እንዲስል።
ቁጥሩ ወረደባት እስከ ሃያ ስምንት፤
ሊሊያ ኖጋይ አኮረፈች ሁለት ሳምንት።
ጽሑፏን ስትከላከል አንድ ፈታኝ ተነሥቶ
«እዚህ ጋ ደብዝዟል፣ ለምን ነው?» ቢላት፣
«እዚያ ጋ አላየነውም» አለች። ከዚህ ሌላ
የተዘጋጀችው መልስ ሁሉ ጠፋባት።
አለፈች። በጠባቡ።

በበጋ ወደ አባቷ ቤት ስትገባ
ያ የድሮው ምስል ግድግዳ ላይ አለ፣ በሚስማር ተመትቶ።
ሰባቱ ጀልባዎች በእርሳስ ተሰርዘው፣
ከአራቱ ሥር ስም አለ፣ የባለቤቶቻቸው።
ከወደቡ በላይ፣ ከግራጫው መሃል፣
በብዕር የተጣለች ነጥብ ትታያለች፣
ከትንኝ ዓይን ያነሰች።
ጠጋ ብላ አነበበች፣ በጎኗ የተጻፈውን፦
«ቤት።»