ባሕሩ በዚያ ሰዓት አይሞላም

በሦስተኛው ክፍል ሞተ ሰውየው፣
ፋኖስ ለኳሹ፣ የመብራት ቤቱ፤
ሁለት ደቂቃ ነው ስክሪን ላይ የቆየው፤
ስም እንኳ አላወጡም ደራሲዎቹ
ለዚያ ለከንቱ።

እኔ ግን አየሁት፤ ጓንቱን ሲያወልቅ
አንድ ጣት የለውም።
ጣቱን የት እንደጣለ ሳይነግረኝማ
አልቀብረውም።

ኬዮን ላይ፣ ዓሣ ፋብሪካው ውስጥ፣ በሌሊቱ ተራ፣
ቢላዬ ሳልሞን ሲሰነጥቅ፣ አንጀት ሲያወጣ፣ ሲያጠራ፣
ልቤ ደሴት ላይ ነበር፣ ከፋኖሱ ጋራ።
በእረፍት ሰዓት፣ ልብስ መቀየሪያው ጋ፣
በረዶ የበላው አውራ ጣቴ ፊደሉን እየሳተ፣
ደሴቱን ከኮርኮቫዶ ባሕር ፊት አስቀመጥኩት፣
«አንሴልሞ» አልኩት። ማን አለና ሞተ?

እህቴ ፊደልሚራ ሳቀችብኝ፦
«የሰው ወርቅ አያደምቅ!»
እኔ መች ላጌጥበት አልኩ?
ጭቃ ላይ ወድቆ አገኘሁት፣
በቀሚሴ ጫፍ ወለወልኩ፣
ማን ነው የጣለው ብዬ ጮኽኩ።

መጀመሪያ ትልቁ መድረክ ላይ ለጠፍኩት፣
ሺህ ታሪክ የሚጋፋበት ገበያ።
አርባ ቀን ሙሉ አንድ አንባቢ፤
እሱም እኔው ነኝ፣
የፊደል ግድፈት ልለቅም ስገባ።

ቆራርሼ ሌላው ጋ ወሰድኩት፣ ሥዕል ወደሚበዛበት።
ሞንቴሬይ ያለች የጥርስ ሕክምና ተማሪ
ሥላ ላከችው፣ አምስት ጣት አድርጋ።
አራት ነው ብላት አንዱን በላጲስ ቆረጠች፤
«ቀጣዩን ላኪ» አለች፣ ገና ሳይነጋ።
አንዱ ሳይጠይቀኝ በፖርቱጋልኛ መለሰው።
አንድ የሮሳሪዮ የሌሊት ታክሲ ነጂ
በድምፁ ቀድቶ ለቀቀው፤
ከኋላ የዝናብ መጥረጊያው ሲንቋቋ ይሰማል።
ያልጻፍኩት ዝናብ ታሪኬ ውስጥ ገባ፤
ተውኩት። ያምራል።

አንዱ ግን፣
ስሙ «ገመድ» ብቻ፤ ፎቶ የለው፣ ሰላምታ አያውቅ፤
በየምዕራፉ አንዲት መስመር፦
«ባሕሩ በዚያ ሰዓት አይሞላም።»
ሰባተኛው ላይ ሠርግ ደገስኩ፤
ሰው አለቀሰ፣ ልብ በልብ ሆነ ስልኬ።
እሱ፦ «ጨረቃዋ ግማሽ ከሆነች
ውሃው ያን ያህል አይሸሽም።»

ተናደድኩ።
«ጌታው፣ ይሄ እኮ ልብ ወለድ ነው!»
«ሰውየው ልብ ወለድ ነው፤
ባሕሩ አይደለም» አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ሳልጠይቀው አልለጥፍም።
«ረቡዕ ማታ ጀልባዋን ላስወጣት?»
«ከአሥር ሰዓት በፊት? ደረቅ ላይ ትቀርብሻለች።»
ጠብቄ አስወጣኋት።

ሚያዝያ ላይ ትልቁ መድረክ ተዘጋ።
ሠላሳ አንድ ምዕራፍ፣ እንደ ጉም።
እኔ የራሴን ቅጂ አላስቀመጥኩም፤
የሰው ቤት ስኖር ጣራው የኔ መስሎኝ።

ማን ምን ይዟል ብዬ በየመንደሩ ዞርኩ።
ተማሪዋ ስድስቱን አመጣች፣
ታክሲ ነጂው አሥሩን፣ ከነዝናቡ።
የቀረውን ከፖርቱጋልኛው መልሼ ገለበጥኩ፤
አንሴልሞ አነጋገሩ ትንሽ ተቀይሮ መጣ፣
ባሕር ማዶ እንደከረመ ሰው።
ገመድ ግን የለም። አንድ ሳምንት። ሦስት።

በአራተኛው፣ ሥዕሉ መንደር፣
አንድ ፎቶ፦
በእርሳስ የተሰመረ ወረቀት፣
የመጪው ዓመት ሙላትና ጉድለት፣
ቀን በቀን፣ ሰዓት በሰዓት፣
ከራስጌው «ለአንሴልሞ» ይላል።
ከግርጌው፣ በደቃቁ፦

«ጣቱን የወሰደው ገመድ ነው።
ስድብ አትጻፊበት፤ ያሰረው ራሱ ነበር።»

ምንም አልጠየቅኩም።
ወረቀቱን አየሁ፦ ማክሰኞ፣ አሥራ አንድ ከሩብ፣ ሙሉ።
ጓንቴን አወለቅኩና
ሠላሳ ሁለተኛውን ጀመርኩ።