አንድ፣ ሁለት፣ አራት

ሐዋሳ፣ አቶቴ ሰፈር፣ ከቤቴ በር ላይ፣
በቀይ ቀለም የጻፍኩት፣ ከሩቅ የሚታይ፣
«ኃይለኛ ውሻ አለ!» የሚል ቆርቆሮ አለ።
ውሻው አርጅቷል፤ ጥርሱ ካለቀ ሰነበተ፣ ዋለ።
አጥንት ቢሰጡት ዝም ብሎ የሚልስ፣
ሌባ ቢመጣ እንኳ ሸኝቶ የሚመለስ።

ስለ ደረጃዬ ግን አልጻፍኩም አንዲት ቃል፤
ምን ያደርግልኛል? ቤተኛው ሁሉ ያውቃል።

ሟቹ ባለቤቴ በእጁ የገነባው፣
ሲሚንቶ ሲወደድ አሸዋ ያስገባው፣
አሥራ አራት ደረጃ ላይ ቤት ያደርሰናል፤
ሦስተኛዋ ላልታ በላይዋ ዘለናል።
ግንበኛ ጠርቼ ነበር፤ ዋጋ ሲነግረኝ
«ክረምቱ ይለፍ» አልኩት፤ አራት ክረምት አለፈኝ።

ተከራይ ሲገባ፣ ገና ዕቃው ሳይወርድ፣
«እቺን ዝለል» ብዬ አሳያለሁ በግድ።
ወተት የምታመጣው፣ ገና በጨለማ፣
ትሻገራታለች ጣሳዋ ሳይሰማ።
ያኔት የልጄ ልጅ፣ ቁጥር የለመደችው
እዚያው ደረጃ ላይ፣ እጄን እንደያዘች ነው፤
«አንድ፣ ሁለት፣ አራት» እያለች አፏን ፈታች፣
መዋዕለ ሕፃናትም ሄዳ እንዲያው ቆጠረች።
መምህርቷ ጠርታኝ «ሦስት የት ሄደች?» ስትለኝ
«ተሰብራ ነው» ብዬ ሳቅኩ፤ ሳቁም ደስ አለኝ።

ማክሰኞ ቀን ነበር፤ ሐይቁ ነፋስ ልኮ፣
በሩ ገርበብ ብሏል፤ ውሻው ተኝቷል ተንበርክኮ።
የመብራቱ ቆጣሪ ሰገነቱ ላይ ነው፤
ሊያነብ የመጣው ልጅ ለመንደሩ አዲስ ነው።
ዱካሌ ይባላል፤ ስሙን ያወቅኩት ኋላ፣
ሆስፒታል ካርድ ሲያወጡ፣ እኔም ፎርም ስሞላ።
ጽሑፌን አንብቦ፣ ውሻውን ውሻውን ሲያይ፣
ዓይኑን አላሳረፈም ከእግሩ በታች ላይ።

አንድ።
ሁለት።
ሦስትን፣ እንደ ማንም ሰው፣ አምኖ ረገጣት።

ድንጋይ ሲወርድ ሰማሁ፤ ከዚያ ደብተሩ፤
ከዚያ «እማማ!» አለኝ፣ ተጣሞ እግሩ።

«የእግዜር ቁጣ ነው» አለ ጎረቤቴ ሹጉጤ፤
«ያላየ ነው የወደቀ» አልኩ እኔም በድንጋጤ።
ብርቱካን ወሰድኩለት፣ አጥሚትም በፔርሙስ፤
እናቱ ተቀበለችኝ፣ ሳትረግም፣ ሳታለቅስ።
«ልጄ ሦስት ወር አይሠራም» ነው ያለችኝ፤
የያዝኳት ብርቱካን ያኔ አሳፈረችኝ።

ጠበቃዬ ጎበዝ ነው፦ «ሳይፈቀድለት ገባ!
እያየ ይርገጥ እንጂ፣ ዓይኑ ምን ሊረባ?»
«እማማ» አሉ ዳኛዋ፣ ድምፃቸውም ሳይከር፣
«ደረጃዋ መላላቷን ያውቁ ነበር?»

«አላውቅም» የሚል ቃል ምላሴ ጫፍ ደርሶ
የያኔት ቆጠራ መጣብኝ ተመልሶ፦
አንድ፣ ሁለት፣ አራት።
ለካስ ያ ቆጠራ የክስ መዝገብ ነበር፤
ለካስ እኔ ራሴ፣ ስስቅ፣ ስመሰክር።

«አውቅ ነበር» አልኩኝ። ጠበቃዬ ተቀመጠ፤
አንድ ባጃጅ ከደጅ ክላክስ ነፍቶ አመለጠ።

የቤት ጌታ መሆን ቁልፍ መያዝ መስሎኝ፣
ኪራይ መሰብሰብ፣ ካርታው በስሜ ሆኖልኝ፤
ለካስ በካርታው ላይ፣ ከማኅተሙ ስር፣
የእንግዳ እግርም አለ፣ በማይታይ መስመር።

አሁን የሁለት ክፍል ኪራይ ለዱካሌ እቆጥራለሁ፤
እናቱ ትፈርማለች፣ ደረሰኝ እቀበላለሁ።
ደረጃዋም በፌሮ፣ በኮንክሪት ታሠረች፤
ያኔት ግን እስካሁን ሦስትን ትዘላለች፤
ወተት አምጪዋም እንዲሁ። እግር አይረሳም ቶሎ፤
ሲሚንቶ ቢደርቅም፣ ፍርሃት ይኖራል በቅሎ።

እኔ ግን ጎህ ሲቀድ፣ በሩ ሳይከፈት፣
በሁለት እግሬ እቆማለሁ፣ ክብደቴን ጥዬባት፤
«ሦስት» እላለሁ።
ሦስት።