የገመዱ ጫፍ

ከጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ ጀርባ፣ አቃቂ፣ ከሐዲዱ ማዶ፣
ነበረን አንድ ቪዲዮ ቤት፣ በማዳበሪያ ከረጢት ተጋርዶ።
ባለቤቱ ጋሽ ኡርጌሳ፣ የፋብሪካው የቀድሞ ሸማኔ፣
በራፉ ላይ ተቀምጦ ሽልንግ የሚቀበል ከኔ፣
ከምትኩ፣ ከሊስትሮዎቹ፣ ከሌሊት ፈረቃ ገቢ፣
ሳንቲም ለጎደለው ልጅ ደግሞ እያለ «በል ዝም ብለህ ግቢ»፤
ወንዱን በሴት አንቀጽ ይጠራል፣ አማርኛ ሲያጣድፈው።

ፊልሙ ከመርካቶ ይመጣል በኪራይ፣ ለሦስት ቀን ብቻ፣
ከጋሽ ኡርጌሳ ብብት ስር፣ በአውቶብስ፣ ያለ መቀመጫ።
ስልክ እንጨቱ ላይ ካርቶን ይሰቀላል፣ በከሰል የተጻፈ፦
«ዛሬ! ከባድ ድብድብ!» አንዱ «ድ» በዝናብ የረገፈ።
ያቺ ካርቶን ከተሰቀለች ማን ይበላል? ማን ይተኛል?

አንድ ቅዳሜ፣ ክረምት ነው፣ ዝናቡ ቆርቆሮ ሲቀጠቅጥ፣
አክተሩ ከገደሉ አፍ በአንድ ገመድ ሲንቀጠቀጥ፣
ቦሱ ከላይ ቆሞ እየሳቀ ካራውን ከአፎት ሲመዝ፣
ገመዱ ክር በክር ሲላላ፣ የሁላችን ትንፋሽ ሲያዝ፣

ድርግም።

መብራት ሄደ። ጋሽ ኡርጌሳ ቁራጭ ሻማ አብርቶ፣
«ገንዘብ አይመለስም» አለ፣ በራፉ ላይ ተጎልቶ።
ማን ገንዘብ ጠየቀውና! ማንም ከሳንቃው አልተነሣ።
«ይወድቃል» አለ ምትኩ። «አክተር አይሞትም!» ጮኸ ሙሳ።
«ከስር ወንዝ አለ» አለች ትርፌ፣ ክር ስትፈትል የዋለች፣
«ስለ ገመድ እኔን ጠይቁ፤ በቶሎ አይበጠስም» አለች።

መብራቱ ሦስት ቀን ጠፋ። ሦስት ቀን ሰፈሩ ተከራከረ።
ቧንቧ ተራ የቆመው ሁሉ ገመዱን ሲጎትት አደረ።
ጎሚስታው ክንፍ ሰጠው ለአክተሩ፤ ሙሳ አውሮፕላን ላከለት፤
ትርፌ ወንዙን አጠለቀችው፤ ምትኩ ድንጋይ ሞላበት።
እኔ አስራ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ለማንም ያልነገርኩት፣
ቦሱ ካራውን ሳያሳርፍ፣ አክተሩን እጁን አስለቀቅኩት፤
እየሳቀ ይወርዳል፣ ይወርዳል፤ መሬት ግን አላበጀሁለት።

በአራተኛው ቀን መብራት መጣ። ካሴቱ የለም፤
የኪራዩ ቀን አልፎ ወደ መርካቶ ተመልሷል።

አሁን ቪዲዮ ቤቱ ቦታ ላይ ፎቅ አለ፣ አናቱ ላይ ሲኒማ፣
ወንበሩ ሰው ይውጣል፤ ድምፁ ከጎድን አጥንት ይሰማ።
ባለፈው ሶሬቲን ይዤ ገባሁ፣ ልጄን፣ አስራ አራት የሞላት፣
ዓለም ያወራለታል የተባለ ፊልም፣ የሁለት ቀን ደሞዜን ያጠፋሁበት።
መቶ ሃምሳ ወንበር፣ ዘጠኝ ሰው። አንዱ ያንኮራፋል።
ሸራው ላይ ከተማ ይነዳል፣ ባሕር ተነሥቶ ፎቅ ያጥፋል፤
ሶሬቲ ስልኳ ላይ ናት። «ምነው?» ብላት፣ «መጨረሻውን ዐውቃለሁ፣
አባዬ፤ ቴሌግራም ላይ ወጥቶ፣ ትናንት እያየሁ ራት በላሁ።»

ያኔ መብራት ሄደ። (ዛሬም ይሄዳል።) ልቤ ዘለለች።
ወደ ጎረቤቴ ዞርኩ፤ «ምን ይሆን ይመስልሃል?» ልለው፣
አንድ፣
ሁለት፣
ጀነሬተሩ አጓራ። ከተማው መንደዱን ቀጠለ።
ስምንቱም ሰዎች ጨለማውን ያዩት አይመስለኝም።

ማታ ስለ ገመዱ ነገርኳት። «ስሙ ማን ነው?» አለች።
ስሙን መቼ ዐወቅን! ገደል፣ ካራ፣ ጢማም ቦስ ብዬ ነገርኳት፣
ውሃው ሳይፈላ አገኘችው። «እንካ፣ እየው» አለች።

አየሁት።
ሌላ ገመድ ወረደለት። በቃ። ሌላ ገመድ፣ ከላይ።
ደቂቃ ሳይቆይ ሚስቱን አቅፎ ይስቃል።
ወንዝ የለም። ድንጋይ የለም።
ትርፌ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ሳንባዋን የጥጥ ብናኝ በልቶት ያረፈች፣
ያን ሁሉ ውሃ የት አገኘችው?

ትናንት ምትኩን ቱሉ ዲምቱ መታጠፊያ ታክሲ ስጠብቅ አገኘሁት።
ሸብቷል፤ ጉልበቱን ያመዋል። ሰላምታችን ሳያልቅ፣
«ወድቋል» አለኝ፣ «አሁንም እላለሁ። አንተስ?»
ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነው፣ ፊልሙም ውስጡ።
«እኔ እንጃ» አልኩት፣ «ወንዙ ጥልቅ ከሆነ...»
«የምን ወንዝ! ድንጋይ ነው!» ብሎ ከዘራውን አስፋልቱ ላይ መታ።

ሦስት ታክሲ አለፈን።