የማይደርቀው ጥግ

አርማታው በተሞላ ማግስት፣ ጋሽ ዘርጋው ጎማውን አስይዞኝ
«ጠዋትና ማታ አጠጪው» ብሎ እንደ ችግኝ አዘዘኝ።
ሲሚንቶ ችግኝ ነው እንዴ? ሳቅሁ። እሱ ግን አልሳቀም፤
«በጥም የደረቀ ቤት» አለኝ፣ «ሦስት ክረምት አልዘለቀም።»

ሰባት ቀን አጠጣሁ፤
ከቢሮ መልስ፣ ታኮ ጫማዬን በእጄ ይዤ መሰላሉን እየወጣሁ፣
በስልኬ መብራት ሶሌታው ላይ ቆሜ፣
ከታች በራስ መኮንን ድልድይ ታክሲው ሲንጫጫ እየሰማሁ፣
ጎማው ሲያጥርብኝ በባልዲ ተሸክሜ።

ልስኑ ያለቀ ዕለት ግን ሕጉ ተገለበጠ፤
የእርጥብ ኖራ ሽታ በመስኮት እየዘለለ አመለጠ።
«አሁን ደግሞ ይውጣ ውሃው። ለአንድ ጣት ልስን ሦስት ሳምንት፣ ለወለሉ ሁለት ወር፤
መስኮት ክፈቺ። ቁም ሣጥን አታስጠጊ።
ሐምሌ ካገኘሽ ግን ቆጠራው ከዜሮ ይጀመር።»

ሐምሌ አገኘኝ።
ደመናው ከእንጦጦ ወርዶ፣ ሳያንኳኳ ገብቶ አደረ፤
ጠዋት የነጣው ግድግዳ ማታ መልሶ ጠቆረ።
አከራዬ አቶ ልሳኑ ወሩ በሞላ ቁጥር
«ቤታችሁ አላለቀም?» ይላል፣ ጣቱን በሩ ላይ ሲቆረቁር።
አልቋል፤ እርጥብ ነው እንጂ። ይሄን ለማን ላስረዳ?
ሁለት ቤት አለኝ፤ አንዱ የሚያስወጣኝ፣ አንዱ የማያስገባኝ፣
የሁለቱም ባለዕዳ።

ይርዳው ሦስት ባልዲ ቀለም ጭኖ መጣ፤
«ለእንቁጣጣሽ እንገባለን። ከዚህ በኋላ የኪራይ ብር አላወጣ!»
ጋሽ ዘርጋው አልተከራከረም። ከኪሱ ፌስታል አወጣ፣
አራት ጥጉን በፕላስተር ግድግዳው ላይ ለጠፈና
«ሌሊቱ ይናገር» አለ፣ «እኔ ነገ ልምጣ።»
ሲነጋ
ፌስታሉ ከውስጥ ጤዛ ቋጥሯል፤ ጠብታው ወደ ጠብታ ተጠጋ፣
ከበደውና ወረደ።
«አየህ ይርዳው? ቤትህ ያልበዋል።
ትኩሳት ላይ ያለን ሰው ማን ኩል ይኩለዋል?»
ይርዳው ባልዲዎቹን በእግሩ እየገፋ ከደረጃው ሥር ወሸቃቸው፤
ሁለት ቀን አላናገረኝም።

መስከረም። ፀሐይ እንደ ቆጣሪ አንባቢ በየክፍሉ ዞረች፤
ሳሎኑን አይታ፣ መኝታ ቤቱን ዳሳ፣ ነጥቷል ብላ መሰከረች።
አንድ ጥግ ብቻ፣ ከማድ ቤቱ በስተኋላ፣
ጥቁር እንደሆነ ቀረ፤ ከርሱ ጋር ሙግት ሆነ የእኔ ሥራ ሁላ።
ጥቅምት በነፋሱ ገረፈው፤ አልደረቀም።
ኅዳር ሲታጠን የሰፈሩ ጭስ ገብቶ አጠነው፤ አልደረቀም።
ጋሽ ዘርጋው ጣሪያውን አየ፣ አሸንዳውን አየ፣ ዝም አለ፤
ዲጂኖ አንስቶ ከጥጉ ውጭ ክንድ ያህል ሲቆፍር፣
ዝገት የበላው ቧንቧ፦ ጠብ… ጠብ…
ለብቻው ሲያወራ፣ ለአፈር።

ቦኖዋ!
መስመሯ በጓሯችን ሥር እንደሚያልፍ ማን አስታወሰ?
እትዬ ደብሪቱ በርጩማዋ ላይ፣ ስሙኒውን በመሐረቧ ጫፍ ቋጥራ፣
«ማነሽ አንቺ፣ ተራሽ አይደለም!» የምትል፣ ጀሪካኑን በዓይኗ ቆጥራ፤
የባልዲ ግፊያ፣ የታረቀና የተጣላ፣
እኔም አንዴ በዚያ ሰልፍ ላይ፣ ለአንድ ልጅ ተራዬን ሰጥቼ፣
ቤት ስገባ የተቆጣሁት፣ ከሁሉ ኋላ።
ያ ሁሉ ሰው ዕጣ ደረሰው፤ ጀሞ ገባ፣ ጎሮ ገባ፤
አምስተኛ ፎቅ ላይ ዛሬ
ውሃ በፈረቃ ይጠብቃል፣ በርሜሉን ከሽንት ቤት አግብቶ።
ቦኖዋን የነቀሉት ሰዎች የላዩን ብረት ወሰዱ፣
የታቹን ውሃ ሳይዘጉት ሄዱ።
አሥራ አንድ ዓመት፣ ተሰላፊ በሌለበት፣
ስሙኒ ሳይጠይቅ ቀድቷል፤
በመጨረሻ የእኔን ግድግዳ አግኝቶ ሞልቷል።

የውሃና ፍሳሽ ሠራተኞች መጥተው ዘጉት።
ጋሽ ዘርጋው በጣቱ ቆጠረ፣ «ሃያ ስምንት ቀን ስጪው፤
ችግኝ ነው ያልሽኝን ትዝ ይልሻል?» አለ። ይኸኔ ሳቀ፤
እኔ አልሳቅሁም።

በሃያ ዘጠነኛው ሌሊት ፌስታሉን ራሴ ለጠፍኩ።
ሲነጋ ቀስ ብዬ ላጥኩት፤
አንዲት ጠብታ የለችም።
መዳፌን ጥጉ ላይ አስደግፌ ትንሽ ቆየሁ፣
ከኋላዬ ሰው ያለ ይመስል፣
ጎኔን ገፋ አድርጎ «ተራሽ ደርሷል» የሚል።
ከሳሎን ይሰማል፣ ይርዳው
የቀለሙን ክዳን በቢላ ሲፈለቅቅ።