የተፈታ ሂሳብ

ፌሮል ወደብ፣ ጠዋት፣ ዝናቡ ያካፋል፣
በመርከብ መሥሪያው በር ውሻ ብቻ ያልፋል።
ታብሌቴን በላስቲክ ጠቅልዬ ይዣለሁ፤
ሦስተኛ ፎቅ፣ ቀኝ በር፣ ደወሉን ነካሁ።

ኤላዲዮ ፓሶስ፣ ሃምሳ ስምንት ዓመቱ፣
የብየዳ ፍንጣሪ የጠቃጠቀው ፊቱ፣
"ግቢ" አለኝ "እህቴ፣ ጫማሽን አታውልቂ፣
ወለሉ ለምዶታል፣ ለሱ አትሳቀቂ።"

ጥያቄዬ አጭር ነው፣ ቃሉ የማይለወጥ፣
ከማድሪድ ተለክቶ እንደ ክኒን የሚሰጥ፦
"ከሰኞ እስከ እሑድ፣ ባለፈው ሳምንት፣
በክፍያ ሠርተዋል? ቢያንስ አንድ ሰዓት?"

ዝም አለ። ጣሪያ አየ። በጣቱ ቆጠረ።
"ሐሙስ" አለ "የኦብዱሊያ የአጥሯ በር ተሰበረ፣
በየድኩላት፤ አስር ዩሮ ኪሴ ቀረ።
እንቁላልም ሰጠችኝ፣ ግማሽ ደርዘን ያውም።"
"ስንት ሰዓት ፈጀ?" "አንድ። አንድ ቢበልጥም
ወሬው ነው ያስረዘመው፣ ሥራው ያን ያህል አይደለም።"

"አዎ" ከሚለው ላይ ጣቴን አሳረፍኩ፤
የሥራ አጡ ገጽ ተዘጋ፣ እሱን አልጠየቅኩ።
አስራ አንድ ዓመት ቤቱ የተቀመጠን ሰው
በአንድ በር ማጠፊያ ሠራተኛ አደረግነው።

እህቱ ዶሪንዳ ከኩሽና ብቅ አለች፣
ሃያ ሁለት ዓመት ሰርዲን አሽጋለች፣
ፋብሪካው ሲዘጋ የእጅ ሰዓት ተሸልማለች።
"ባለፉት አራት ሳምንታት ሥራ ፈልገዋል?"
ሳቀች። ሳቋ ደረቅ ነው፣ እንደ ቅርፊት ይሰበራል።
"የት ልፈልግ ልጄ? ቁልፍ ነው እንዴ ሥራ፣
ከሶፋ ሥር ልፈልግ ፋኖስ ላበራ?"
መስፈርቱ እንዲህ ይላል፦ ያልፈለገ ሰው አላጣም።
ከሥራ አጥ መዝገብ ወጣች፤ ሥራ ግን አልገባችም።

"ወንድ ልጅ አለ ይላል ያለፈው መዝገብ።"
"ብራይስ? ሃምቡርግ ነው፣ ሳህን ያጥባል ከወደብ።"
"እዚህ ያድራል?" "አልጋው አለ።" "አልጋ አይቆጠርም" አልኩ፤
ስሙን ከቤተሰቡ ዝርዝር በአንድ ጣት ፋቅኩ።

ደረጃውን ስወርድ አንድ ቃል ጠለፈኝ።

ሥራ ፈት እንላለን። ቆይ፣ ማን ነው የፈታው?
ሚስት እንደሚፈታ፣ እሱ ነው ያስወጣው?
ወይስ ሥራ ራሱ ዕቃውን ሸክፎ
ዳኛ እንኳ ሳይሰማው ሄደ በሌሊት ከንፎ?

ሂሳብም ይፈታል። ሦስት ሰው፣ ከአንድ ቤት፦
አንዱ ሠራተኛ ነው፣ በአስር ዩሮ ሰዓት፣
አንዷ "ከገበያው ውጭ"፣ አንዱ ከድንበር ማዶ፤
ዜሮ። ተፈታ ሂሳቡ። የቀረ የለም፣ ባዶ።

ውሸት ግን አይደለም፣ ልናገር እውነቱን፤
ያለ መስፈርት ማን ይለካል ያገር ድካም ጥልቀቱን?
ሜትር አይዋሽም፣ ሜትር ያው ሜትር ነው፣
ጨርቁ ነው ሲለኩት ከእጅ የሚሸሸው።
ደግሞ ሁለተኛ ፎቅ ኡሺያ አለች፣
የነፋስ ማማ ፋብሪካ በእርግጥ ተቀጥራለች፣
የሥራ ቆቧን ለልጇ ደፍታ በር ከፈተች።
እሷንም "አዎ" አልኳት። ያው አንድ "አዎ"፣ ያው አንድ ነጥብ፣
ከኤላዲዮ "አዎ" ጋር እኩል የምትመዘገብ።
(የኔም ውል በመጋቢት ያልቃል፤
ያኔ እኔን ማን ይጠይቃል?)

ሩብ ዓመቱ ሲዘጋ፣ ባር ቤት፣ ሬዲዮ ተከፍቶ፣
"ሥራ አጥነት ቀነሰ!" አለ ድምፁ ፈክቶ፣
ከነጥብ በኋላ ያለች አንዲት ቁጥር ወርዳ።
ኤላዲዮ ፈገግ አለ፣ እንደ ባለዕዳ።
"ሰማችሁ? እኔ ነኝ! ያን ቁጥር ያወረድኩት!
በአንድ ኤሌክትሮድ፣ በኦብዱሊያ በር ነው የጣልኩት!"
ሳቁ። ሳቅኩ እኔም። ባለ ባሩ ብርጭቆ እየወለወለ
"እንግዲያ ሠራተኛ ይክፈላ፣ ሂሳቡን" አለ።

አስር ዩሮ አወጣ፣ ያችው ትሁን እህቷ፣
በዝግታ ፈታት፣ አራት ነው እጥፋቷ።

ውጭ ዝናቡ ያካፋል፤ ማድሪድ ያካፍላል፤
የኦብዱሊያ በር ብቻ አሁን ደህና ይዘጋል።