ይቀላል

ዓሣን መብላት በብልሃት ይላል፣ ተረቱ እዚያው ያበቃል፤
ማብላቱስ በምን ይሁን ብለው፣ ጉሮሮውን ብቻ ይጠርጋል።

እኔ የማብላቱ ሠራተኛ ነኝ፤
አይዳሆ፣ ሄገርማን፣ ከጥቁሩ ገደል ሥር የምገኝ።
ውሃው ከዓለት ጎን ይፈልቃል፣ በጋ ክረምት ሳይለይ፣
ቁልቁል ወርዶ ይከፋፈላል፣ አሥራ ሁለት የሲሚንቶ ቦይ፤
በየቦዩ ትራውት፣ ጎን ለጎን፣ ክንፍ ለክንፍ፣
ጥላዬን ሲያይ የሚንተከተክ፣ ከአፍ የሚነጥቅ አፍ።

ዴልማር እዚህ አርባ ዓመት በአካፋ ዘርቷል።
ዘሩ ግን ዓሣ ነው፤ ከሩቅ ባሕር ተጠልሎ፣
ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ በከረጢት ታጭቆ
ሌላ ዓሣ ሊያደልብ ይመጣል።
"አንዱን ለማሳደግ ስንቱን ፈጨን?" ብለው፣
"የኔ አካፋው ነው" አለኝ፤ "ሚዛኑ ቢሮ ነው ያለው።"

በጓሮ፣ በመስታወት ቱቦ፣ የኔ መንጋ አለ፤
ዓይን የለው፣ አጥንት የለው፣
በአንዲት ጠብታ አንድ አገር ሕዝብ፣
ብርሃን እየጋጠ የዋለ።
"በቋንቋሽ ምን ይባላል፣ ይሄ አረንጓዴ?"
"ዋቅላሚ።"
"ዋክላሚ።"
"ቅ! ከጉሮሮህ አምጣው።"
ሞከረ። ሳለ።
አካፋውን አንስቶ ሄደ።

ማይቴ ቦይ ሰባትን ሰጠችን፤ አንድ ቦይ፣ ሦስት ወር።
"ከመኖው ከመቶ አምስት እጅ፤ ከዚያ እንነጋገር።"
ዓሦቹ ቀመሱ፣ ተፉ፣
መድኃኒት የገባበትን ገንፎ እንዳወቀ ልጅ፤
በአራተኛው ቀን ረሱት።

ጥር ላይ በረዶ መንገድ ዘጋ፤
ናይትሬቱን የጫነው መኪና ቦይዚ ቀረ።
ስምንት ቀን ሙሉ ለመንጋዬ
ከባዶ ውሃና ከመብራት ሌላ ምን ነበረ?
በዘጠነኛው ጠዋት በሩን ስከፍት
ቱቦው ሁሉ ደም ለብሷል።
ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ፈጀኋቸው አልኩ፣ በረሃብ።
ማንዋሉ "ሲራብ ይቀላል" ይላል፣ አንብቤዋለሁ፤
እኔ ግን "ይቀላል" ሲል
ሸክሙ መስሎኝ ነበር፣ ሸክሙ።

ማይቴ ጫማዋን እንኳ ሳታራግፍ
በማይክሮስኮፕ ጎንበስ ብላ አየች፤
"ማን ሞተ?" አለች።
"ክፉ ቀን ሲመጣ ካፖርት ይደርባል፤
ካፖርቱ ቀይ ነው።
እኛስ የምንፈልገው ካፖርቱን አይደል?"

ሚያዝያ ላይ ዴልማር ቢላውን ሳለ።
ከቦይ ስድስት አንድ፣ ከቦይ ሰባት አንድ፤
የስድስቱ ሥጋ የታጠበ አቡጀዴ፣
የሰባቱ እንደ ኮክ ሆድ፣ ከአጥንቱ ዳር የደመቀ።
ደጋግሞ አገላበጠው።
"ይሄ ቀለም ከዚያ ከተራበው ነው?"
"ከዚያ ነው።"
"ተርቦ አበላ በይኛ" አለ፤
ቢላውን በሱሪው ጠረገ፣ ሌላም አልጠየቀ።

ዋጋውን አትጠይቁኝ። የማይቴ እርሳስ ያውቀዋል፤
ስታሰላ ጫፉን ትነክሳለች፣ ዘንድሮ ብዙ ነክሳለች።
"ቦይ ስምንትን ጨምሪ" አለችኝ በመጨረሻ፤
"ከዚያ በላይ ሕልም እንዳታዪ።"
የቀሩት አሥሩ አሁንም ዓሣ በዓሣ ላይ ያድራሉ፤
ባሕሩ ይፈጫል፣ እኔም ከረጢቱን እፈታለሁ።

ዛሬ ጠዋት፣ ጉሙ ሳይነሳ፣ ከቦይ ስምንት ዳር
ሰው የሚታነቅ መስሎኝ ሮጥኩ፤
አካፋውን ተደግፎ፣ ብቻውን፣
"ቅ... ቅ..." ይላል ዴልማር።