ኩምቢው በየት ይሄዳል

ሠላሳ አንድ ዓመት ከማሽን ጎን ቆሜ፣
በዚያ ሁሉ ጩኸት ክር ስቀጥል ከርሜ፣
አንድ ጆሮ ትቼ፣ በአንድ ወጣሁ ደክሜ።
ጡረታ ሲያወጡኝ ብርድ ልብስ ሸለሙኝ፣
በመስታወት ያለ ወረቀት አሸከሙኝ፤
ጆሮህስ ወዴት ገባ ብለው አልጠየቁኝ።

የተረፈው ጆሮም እያደር ከዳኝ፤
ከዚያ ወዲህ ሳቅን በዓይኔ ነው የምሰማ፣
የከንፈር፣ የጉንጭ፣ የትከሻ ዜማ።

ልጃችን ልትወልድ አንድ ወር ቀረና፣
የማሽላው ጓዳ ተጠረገና፣
ጆንያው በረንዳ ላይ ወጥቶ ተጣለና፣
አይጡ ቤት ለቀቀ፣ ኪራይ ሳይከፍል ኖሮ፤
ግድግዳው ቢጫ ሆነ፣ ጥላሸት ነበር ድሮ።
አማቼ ጌታሁን ሲቀባ ሲያስቀባ ውሎ፣
ጢሙ ላይ ቀለሙ እንደ አደይ በቅሎ፣
«አለቀ!» እያለ መጣ ብሩሹን አንጠልጥሎ።

ውጪ የደሴ ጉም ከጦሳ ወርዶ መስኮት ይልሳል፣
ውስጥ መቀስ ይሮጣል፣ አንዱ ከአንዱ መርፌ ይዋሳል።

ሣጥኔን ከፈትኩት።
ከኮምቦልቻ ስመላለስ በብብቴ ያጠራቀምኩት ቁርጥራጭ፦
ቀለሙ የሳተ፣
አበባው ከቅጠሉ የተፋታ፣
«ሁለተኛ ደረጃ» ተብሎ ለሠራተኛ የተሸጠ።
ጦይባ ዕድሜ ልኳን ስትሰድበው የኖረች ጨርቅ፣
ዛሬ ግን ደረቷ ላይ ዘርግታ
«አንተ አበጋዝ፣ ይህን ሀብት ደብቀህ?» አለች።

ዝሆን እሠራለሁ አለች።
ዝሆን አይታ አታውቅም፤ እኔም አላየሁ፤
«ጆሮው ሰፊ፣ ሆዱ ሰፊ፤ ምኑ ይከብዳል?» አልኳት፣ አደፋፈርኳት።
ሆዱን በጥጥ ሞላች፣ እግር አራት ቆጠረች፣
መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ፍለጋ አገር አሸበረች፣
ኩምቢውን በጅራቱ ቦታ ሰፍታ አሳመረች።

ማንም ምንም አላለ። ዝሆኑ ዞረ በእጅ፣
ከጌታሁን ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ልጅ።
ፋንታዬ አገላብጣ አየችውና፣
«እማ፣ ይኼ በየት በኩል ነው የሚሄድ?»
ጦይባ ደንገጥ አለች፤ ግን እጅ አትሰጥም፦
«ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ በዚህ፣
ሐረጎን ሽቅብ ሲመለስ በዚያ!»

ከዚያማ ምን ልበላችሁ።
የጦይባ ትከሻ እንደ ወተት ቅል ተናጠ፤
ጌታሁን ግድግዳ ደገፈ፣ ገና ያልደረቀውን፣
ጀርባው ቢጫ ሆኖ ተነሣ፤
ፋንታዬ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ
«ተዉኝ፣ ዛሬ ይወለዳል!» ስትል
ከንፈሯን አነበብኩ።
እኔም ሳቅሁ፤ ድምፄ ምን እንደሚመስል አላውቅም፤
የጎረቤት ውሻ መጮኹን በኋላ ነገሩኝ።

የእኔ ሥራ ደግሞ ይህ ነው፦
ከድሮው ማሽን የተረፈች አንዲት የእንጨት መወርወሪያ፣
ጫፏ ናስ፣ ሆዷ ባዶ፣
ጆሮዬን የበላች እሷ ናት፤ እሷና እህቶቿ።
አጠብኳት፣ ቅባት ቀባኋት፣ በክር አንጠለጠልኳት፤
ከሥሯ አምስት የጨርቅ ወፍ አሰርኩ፣
(«ዶሮ ነው?» አሉኝ፤ «ይብረር አይብረር አይታችሁ» አልኳቸው)
አሁን ከአልጋው በላይ ዝም ብላ ትዞራለች።
ሳትጮህ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው።

ማታ ሁሉም ሲተኛ ጓዳ ገባሁ።
የሕፃኑን አልጋ ቀስ ብዬ ጎተትኩት፣
ራስጌውን ወደ መስኮቱ መለስኩት።
ጦይባ በር ላይ ቆማ ነበር ለካ።
«ለምን?» አለች በእጇ።
«ለብርሃን» አልኳት።

ልጅ መጀመሪያ ሲስቅ ትንሽ ነው ድምፁ፣
ጨለማ ውስጥ ከሆነ ያመልጠኛል።
ይህን አልነገርኳትም።
እሷ ግን ገባችና
አልጋውን በጉልበቷ ገፋ አደረገችው፣
አንድ ስንዝር ያህል፣ ይበልጥ ወደ መስኮቱ፤
ባለ ሁለት መንገዱን ዝሆን ግርጌው አስቀመጠች፣
ኩምቢውን ሳትፈታ።